የፍልስጤም ጣሪያና ዲሹ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዌስት ባንክ ወይም የጋዛ የስደተኞች ካምፕ ፎቶ ሲታይ ዓይን የሚያርፈው ጣሪያው ላይ ነው። ጥቁር የውኃ ታንከር፣ ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ዝገት የበላው ዲሽ። ከ2023ቱ ጦርነት በፊት የተነሳ ፎቶ ማለቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጋዛ ውስጥ ጣሪያው ራሱ ብርቅ ሆኗል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስለዚያ ዲሽ ወሬ ሲነሳ ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ።

«ዲሽ ካላቸው ምኑን ተቸገሩት?»

ይህቺን እኛም ሰፈር እንላታለን። ቆርቆሮ ቤት ላይ ዲሽ ስናይ «ድሃ ነኝ ይላል ደግሞ!» ዲሽ ግን አንዴ ተገዝቶ ያበቃል። በናይል ሳትና በዓረብ ሳት የሚመጡት አብዛኞቹ የዓረብኛ ጣቢያዎች ወርኃዊ ክፍያ የላቸውም። እኛስ ኤምቢሲ ቱን ስንኮመኩም የኖርነው ማን ከፍሎልን ነው? በዚያ ላይ ኬላው ሲዘጋ፣ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ምን ይደረጋል? ይልቅ ስለ መብራቱ ጠይቁ። የጋዛ ኃይል ማመንጫ በ2006 በእስራኤል ቦምብ ከተመታ ወዲህ በቀን ለብዙ ሰዓት መብራት መጥፋቱ የተለመደ ነበር። ድራማው ልብ በሰቀለበት ሰዓት ድርግም!

«ሀብት ምን እንደሚመስል ያዩት በቲቪ ነው»

ይሄኛው ያናድደኛል። ኢራቅ በ1990 ኩዌትን ከመውረሯ በፊት እዚያ የሚኖሩት ፍልስጤማውያን ወደ 400 ሺህ ይጠጉ ነበር። መምህሩ፣ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ እነሱ ነበሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ አብዛኞቹ አገሩን ለቀው ወጥተዋል። የሳዑዲዎቹ የሳተላይት ቴሌቪዥን ኤምቢሲ ከለንደን ስርጭት የጀመረው ደግሞ በ1991 ነው። ስለዚህ የባሕረ ሰላጤው ድሎት በዲሽ ሳሎናቸው የገባው እነሱ ከዚያ ከተነቀሉ በኋላ ነው።

ቅርብ ያለውንም አስቡ። ከ2023 በፊት ከ100 ሺህ በላይ የዌስት ባንክ ሰዎች እስራኤልና የሰፈራ መንደሮቿ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ብዙዎቹ ግንባታ ላይ። ሌሊት ተነስቶ፣ ኬላ ላይ ተሰልፎ፣ የሰው ቤት ሴራሚክ ሲያነጥፍ የዋለ ሰው ቪላ ምን እንደሚመስል ከቲቪ አይማርም።

«ድራማው የማረካቸው በቪላው ነው»

በ2008 ኤምቢሲ «ኑር» የተባለውን የቱርክ ድራማ በሶርያ ዓረብኛ አቀረበ። የቦስፎረስ ዳር ቤት፣ መኪና፣ አለባበስ፣ ሁሉም አለ። የሚያዩት ሴቶች ወሬ ግን ባልየው ነበር፤ ሚስቱን የሚያደምጥ፣ ሥራዋን የሚደግፍ ባል። የሳዑዲው ዋና ሙፍቲ ድራማውን ያወገዙትም ለሶፋው አልነበረም። ቃና በ2016 መጥቶ ቤታችንን በቱርክ ድራማ ሲያጥለቀልቅ እኛ ምን ስናወራ ነበር?

«እነሱ ተመልካች ብቻ ናቸው»

በ2013 «ዓረብ አይዶል» የተባለውን የቲቪ የዘፈን ውድድር ያሸነፈው መሐመድ አሳፍ ያደገው ጋዛ ውስጥ በኻን ዩኒስ የስደተኞች ካምፕ ነው። ራፋህ ድንበር ላይ ተጉላልቶ ካይሮ ሲደርስ የማጣሪያው በር ተዘግቶ ጠበቀው። አጥር ዘለለ። ተራ ቁጥሩን የለቀቀለት ሌላ ፍልስጤማዊ ተወዳዳሪ ነው።

«የሚያንገበግባቸው የሩቁ ሀብት ነው»

ከራማላህ በስተምዕራብ ካሉት ኮረብታዎች፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ማታ የቴል አቪቭ መብራት ይታያል። መንገዱ ክፍት ቢሆን ባሕሩ ድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የዌስት ባንክ ሰው ገንዘብ ካለው በአማን በኩል ዞሮ ኢስታንቡል ሊበር፣ የድራማውንም ሰፈር ሊያይ ይችላል። ቴል አቪቭ ጥግ ያለችው ያፋ ወርዶ እግሩን ባሕር ውስጥ ለመንከር ግን ከእስራኤል ጦር የፈቃድ ወረቀት ማውጣት አለበት።