ምስማር የሌለው ቤት ደካማ ነው ያለው ማነው?

ደንበኛዬ ስልኩን አዙሮ አሳየኝ። ሳር የለበሰ ጣሪያ፣ ከፊቱ ሰማያዊ መዋኛ፣ ግራና ቀኙ የኮኮናት ዛፍ። «ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር እንዲህ ዓይነት የባሊ ቤት ሥራልኝ» አለኝ። ቀጠል አድርጎም፣ «የእነሱ ግን እንጨት ብቻ ነው፤ ምስማር እንኳን የለውም። አንተ በአርማታ አጠንክረው።»

ሻዬን አስቀመጥኩ። ይህቺን ነገር ከደንበኛም፣ ከተማሪም፣ ከኮንትራክተርም ስሰማ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው፤ ምናልባት ደግሜ ከመናገር ይገላግለኝ ይሆናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ባሊ ያለችበት ኢንዶኔዥያ ምድር ወገብ ላይ የተበተኑ ከ17 ሺህ በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። እኛ በፓልም ዘይቷ እናውቃታለን። ታሪክ የሚወድ ሰው ደግሞ ኢትዮጵያም የተገኘችበትን የ1955ቱን የእስያና የአፍሪካ አገሮች የባንዱንግ ጉባኤ ያነሳል። «የኢንዶኔዥያ ባህላዊ ቤት» የሚባል አንድ ቤት ግን የለም። አንድ ሰው «የኢትዮጵያ ባህላዊ ቤት» ቢላችሁ የዶርዜውን ነው፣ የኮንሶውን ነው ወይስ የትግራዩን ሕድሞ ብላችሁ ትጠይቁት የለ? እዚያም እንደዚያው ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ።

«ቤቶቹ ሁሉ በእንጨት እግር ላይ የቆሙ ናቸው።» አይደሉም። ጆግሎ የሚባለው የጃቫ ደሴት ቤት መሬት ላይ ነው የሚያርፈው። የባሊም እንዲሁ። የሚገርመው፣ በዚያው በጃቫ ቦሮቡዱር በሚባለው የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ ላይ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጹት ምስሎች እግር ያላቸው ቤቶች ያሳያሉ።

«እግሩ ለጎርፍ ነው።» ወንዝ ዳር ላለ ሊሆን ይችላል። የቶራጃ ሰዎች ግን የሱላዌሲ ደሴት ደጋ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ጎርፉ ከየት ይመጣል? ከወለሉ ስር አየር ያልፋል፣ እርጥበት ወደ ላይ አይወጣም፣ ሲያስፈልግ ከብት ያድርበታል።

«ፎቶ ላይ የምናየው የምዕራብ ሱማትራው የፓጋሩዩንግ ቤተ መንግሥት ጥንታዊ ነው።» ግንባታው የተጀመረው በ1976 ነው። በ2007 መብረቅ መትቶት ተቃጠለ፤ እንደገና ተሠራ። ውስጡም አርማታ አለ።

«ሙስሊም አገር ስለሆነ ቤቱ የወንዱ ነው።» የምዕራብ ሱማትራ ሚናንግካባዎች ጠንካራ ሙስሊሞች ናቸው። ጫፉ እንደ ቀንድ ሽቅብ የሾለው ትልቁ ቤታቸው፣ ሩማህ ጋዳንግ፣ ግን ከእናት ወደ ሴት ልጅ ነው የሚተላለፈው። በድሮው ሥርዓት ባል ማታ መጥቶ ያድራል፣ ጠዋት ወደ እናቱ ወገን ሥራ ይሄዳል። ይህንን ክፍል ውስጥ ስናገር ወንዶቹ ተማሪዎች ይስቃሉ፣ ሴቶቹ ማስታወሻ ይይዛሉ።

አሁን ትንሽ ከበድ ወዳለው።

«የቶራጃ ጣሪያ የጀልባ ቅርጽ ነው፤ አያቶቻቸው በጀልባ ስለመጡ።» ይህንን ቶራጃዎቹ ራሳቸውም ይናገሩታል። ስለዚህ ተረቱን አልነጥቃቸውም። አስጎብኚው ተናግሮ ሲጨርስ ግን ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩት። ቶንግኮናን የሚባለው የጎሳው ቤት ጣሪያ መሃሉ ዝቅ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ከፍ ብለው ከግድግዳው እጅግ ርቀው ይወጣሉ። ወደፊት የወጣው ጫፍ የቤቱን ፊት ከዝናብ ይከልላል። ብቻውን ስለማይቆምም ከፊት ረጅም ቋሚ ይደገፋል። በየቀብሩ የታረዱት ጎሾች ቀንድ ተደርድሮ የሚታየው እዚያ ቋሚ ላይ ነው። ቱሪስቱ ቀንዱን ፎቶ ያነሳል፤ ቋሚው ምን እንደተሸከመ አይጠይቅም። እንዲህ ዓይነት መሃሉ የሰረጎደ ጣሪያ ደግሞ ከ2 ሺህ ዓመት በፊት በዛሬዋ ቬትናም በኩል በተሠሩ የነሐስ ከበሮዎች ላይ ተስሎ ይገኛል። ስለዚህ ጣሪያው የቶራጃ ብቻ አይደለም፣ ከህንድም አልመጣም። የዚያ ባሕር ሕዝቦች የቆየ የጋራ ንብረት ነው።

«መስጊድ ያለ ጉልላት መስጊድ አይሆንም።» ይሄ ከምወዳቸው አንዱ ነው። በጃቫ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ እንደተሠራ የሚነገርለት የደማክ ትልቁ መስጊድ ጉልላት የለውም። ጣሪያው ሦስት ደረጃ ሆኖ እየጠበበ ይወጣል፤ መሃሉን አራት ትልልቅ ምሰሶዎች ተሸክመውታል። ከአራቱ አንዱ ከፍልጥና ከስብርባሪ እንጨት ተሳስሮ ነው የተሠራው ይባላል። በደረጃዎቹ መሃል ሙቅ አየር ይወጣል፣ ብርሃን ይገባል። እዚያው ቅርብ ያለችው የኩዱስ ከተማ ደግሞ (ስሟ ከአል-ቁድስ ነው፤ ከእኛው «ቅዱስ» ጋር አንድ ሥር ነው) መስጊዷ አጠገብ የቆመው የጡብ ግንብ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ነው የሚመስለው። ግንበኛው የሚያውቀውን ነው የሠራው፤ ሃይማኖት ሲለወጥ እጅ አብሮ አይለወጥም።

ታዲያ ጉልላቱ ከየት መጣ? በሱማትራ ሰሜናዊ ጫፍ ባለችው የአቼ ክልል ዋና ከተማ በባንዳ አቼ ያለውን፣ በጥቁር ጉልላቱ የታወቀውን የባይቱራህማን መስጊድ ያየ ሁሉ «ይሄ ነው እውነተኛው» ይላል። የድሮው የባይቱራህማን መስጊድ እንደ ደማክ ደረጃ ጣሪያ ነበረው። በ1873 ሆላንዶች አቼን ሲወጉ ተቃጠለ። የሕዝቡን ቁጣ ለማብረድ ራሳቸው ሆላንዶች ከ1879 እስከ 1881 በህንድ ሞጉል ዘይቤ፣ በአንድ ጉልላት፣ አዲሱን ሠሩ። ብዙ የአቼ ሰው መጀመሪያ ላይ ሊሰግድበት አልፈለገም። ዛሬ የአቼ መለያ ነው፤ የ2004ቱንም ሱናሚ ችሎ ቆሟል። ቅኝ ገዢ ያስገነባው «እውነተኛው» ሆኖ የአገሬው አናጺ የሠራው «ያልተሟላ» ሲባል ግን ደሜ ይፈላል።

ወደ ደንበኛዬ ልመለስ። «የባሊ ቤት» ብሎ ያሳየኝ የሆቴል ክፍል ነው። የባሊ ሰው ቤት ከውጭ ሲታይ አጥር ነው። ቤት ከምንለው ግቢ ብንለው ይሻላል። መኝታው ለብቻ፣ ማድ ቤቱ ለብቻ፣ እንግዳ መቀበያው ለብቻ፣ የቤተሰቡ መቅደስም በተራራውና በፀሐይ መውጫው በኩል ባለው ማዕዘን። እልፍኝና አዳራሽ፣ ማድ ቤትና ጎተራ ለይቶ ይሠራ የነበረ አገር ሰው ይሄ ይጠፋዋል ብዬ አላስብም። አቅጣጫቸውም ሰሜንና ደቡብ ሳይሆን «ወደ ተራራው» እና «ወደ ባሕሩ» ነው። ስለዚህ ተራራው ከደቡባቸው ላለው ለሰሜን ባሊ ሰዎች «ካጃ» (ወደ ተራራው) ማለት ደቡብ ነው፤ ለደቡቦቹ ደግሞ ሰሜን። ከበሩ ገባ ስትሉ አጭር ግድግዳ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ክፉ መንፈስ ቀጥ ብሎ እንጂ ዞሮ መሄድ አይችልም ይላሉ። ከመንገድ የሚያጮልቅ ጎረቤትንም ይከለክላል፣ ያንን እኔ ነኝ ያልኩት። ልኩን የሚያወጣው ኡንዳጊ የሚባለው ባለሙያ ነው፤ በክንድና በስንዝር፣ ግን በባለቤቱ በራሱ አካል። ጎረቤትህ ረጅም ከሆነ የእሱን ቤት ፕላን ብትወስድ አይሆንህም። ደንበኛዬ ፎቶ ይዞ ሲመጣ ያደረገው ይሄንኑ ነው።

እና አሁን ወደ ምስማሩ።

«እንጨት ደካማ ነው፣ ምስማር የለውም፣ ሲሚንቶ ስላላወቁ ነው።» ማርች 28 ቀን 2005፣ ከትልቁ ሱናሚ ሦስት ወር በኋላ፣ ከሱማትራ በስተምዕራብ ያለችውን የኒያስን ደሴት መጠኑ 8.6 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ በሌሊት መታት። ከ800 በላይ ሰው ሞተ። ጉኑንግሲቶሊ ከተማ ውስጥ የአርማታ ፎቆች ሰው እንደተኛ ተደረመሱ። በየመንደሩ የነበሩት የድሮ የእንጨት ቤቶች ግን በብዛት ቆመው ነጋ። አንዳንዶቹ ዘመዋል፣ አንዳንዶቹ ከድንጋያቸው ሸርተት ብለዋል፤ እድሳት የተነፈጋቸውም ተጎድተዋል። ነገር ግን የዘመመ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ነቅቶ ይወጣል።

ለምን ቆሙ? የኒያስ ቤት ስር ገብታችሁ ብታዩ ጫካ ነው የሚመስለው። ወፋፍራም ቋሚዎች አሉ። በመሃላቸው ደግሞ እግራቸውን ከፍተው እንደቆሙ ሰዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘመሙ ግንዶች አሉ። ቋሚው ቀጥታ ክብደቱን ይሸከማል። ያዘመመው የጎን ግፊቱን ይቀበላል። አንዳቸውም መሬት ውስጥ አልተቀበሩም፤ እያንዳንዱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። መሬቱ ሲወዛወዝ ድንጋዩ አብሮ ይሄዳል፤ ግንዱ ትንሽ ይነሳል፣ ይንሸራተታል፣ ይመለሳል። ላይኛው ክፍል ደግሞ አንዱ እንጨት ተቦርቡሮ፣ ሌላው ምላስ ወጥቶለት፣ እርስ በርስ ተቆላልፎ ነው የቆመው። ሲንቀጠቀጥ መጋጠሚያው ይፋተጋል፣ ይንቋቋል፣ ጉልበቱን ይበላዋል። ምስማር ቢሆን ቀዳዳውን አስፍቶ ይወጣ ነበር፣ አለዚያም እንጨቱን ይሰነጥቀው ነበር። የኒያስ ሰዎች ደግሞ ስመ ጥር ጎራዴ ሠሪዎች ነበሩ። ብረት አላጡም፤ ለቤት አልፈለጉትም።

አርማታ መጥፎ ነው አላልኩም፤ የምበላው እንጀራ ከእሱ ነው። ፌሮው በልኩ ካልገባ፣ መጋጠሚያው በደንብ ካልታሰረ ግን ከባድና ተሰባሪ ነገር ጭንቅላታችሁ ላይ ሰቅላችኋል። በቅርቡ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲነቃነቅ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበርን ሰዎች አምፖሉ ሲወዛወዝ እያየን ደረጃውን ስንሮጥ ይሄንን ማንም ማስረዳት አላስፈለገንም።

ከመኮፈሴ በፊት የራሴንም ልናዘዝ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ሐይቅ ዳር የእንጨት ማረፊያ ሠርቼ ነበር። ሽማግሌ አናጺ ነበሩን። «ልጄ፣ ቋሚው ስር ድንጋይ እናድርግለት» አሉኝ። እኔ «አባባ አይስጉ፣ ሲሚንቶ ነው» ብዬ አሥራ ስድስቱንም ቋሚ ኮንክሪት ውስጥ አስተከልኩ። ከአራት ዓመት በኋላ ባለቤቱ «በሩ አልዘጋ አለ» ብሎ ጠራኝ። ቋሚው ከላይ ሲታይ ምንም አልሆነም። መሬቱ ጋ ካቻቢቴ ወጋሁበት፤ እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ሳወጣው ጫፉ ላይ እንደ እርጥብ ቡና አተላ ያለ ነገር ተለጥፎ ነበር። ኮንክሪቱ እንደ ጽዋ ዝናቡን ይዞ እንጨቱን ዙሪያውን ሲዘፈዝፍ ኖሯል። የቀረውን ምስጥ ጨርሶታል። አሥራ ስድስቱንም ቆርጠን ድንጋይ ላይ አስቀመጥናቸው፣ በእኔ ወጪ። አናጺው በሕይወት አልነበሩም፤ ይቅርታ የምለው አጣሁ።

ስለዚህ እንጨት ቤት ልትሠሩ ካሰባችሁ ስሙኝ። ቋሚው ከመሬት ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ይበል። ድንጋዩ አናቱ ውሃ የማያቁር፣ ወደ ዳር የሚያወርድ ይሁን። የሳር ክዳን ተዳፋቱ ከ45 ዲግሪ ካነሰ ሐምሌ ላይ ባልዲ ትደረድራላችሁ። «ለፎቶ ዝቅ ይበል» የሚል ሰው ካለ ባልዲውንም እሱ ይግዛ። ጣሪያው ከግድግዳው አንድ ሜትር ይውጣ። ጥድ ካገኛችሁ ጥድ፤ ባሕር ዛፍ ከሆነ ሳይታከም አትትከሉት። ሳሩ ስር እሳት የማይነድበት ቤት ከሆነ ደግሞ ሳሩ ቶሎ እንደሚያረጅ እወቁት፤ ጭስ የጠጣ ክዳን ነቀዝ አይደፍረውም፣ ይሄንን የገጠር እናቶች ሁሉ ያውቁታል። ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ቀላል ቤት ንፋስ እንዳያነሳው ስሌት ይፈልጋል፤ የኒያሶቹ ቤት ግዙፍ ክብደት አለው፣ የእናንተ ጎጆ የለውም። ለዚያ መሐንዲስ ክፈሉ።

ደንበኛዬ ይሄን ሁሉ አዳምጦ መዋኛውን ብቻ አልተውም አለ። አርማታውን ትቷል፤ ማድ ቤቱንም ለብቻ እናደርገዋለን። አሁን የምንከራከረው አሥራ ሁለቱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ከየት እንደምናመጣና ማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል ነው።