ፓነል ሬዲ ምንድን ነው? በሩን አናጢው የሚያለብሰው ፍሪጅ

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ኪችን ካቢኔት ሲጠያይቅ አሁን አሁን ይህን ቃል ይሰማል። ፎቶው ላይ ማድ ቤቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት እንጨት ነው፤ ፍሪጁ የታለ ያሰኛል። አንዱን በር ሲከፍቱት ወተቱና ቅቤው ውስጡ ተደርድሯል።

ፓነል ሬዲ ማለት የፊት ገጹ ሆን ተብሎ ሳይጨረስ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ፋብሪካው ሞተሩን፣ መደርደሪያውንና ጎማ ያለውን በር ይሠራል፤ ከፊት የሚታየውን ፓነል ግን አናጢው ከሌላው ካቢኔት ጋር አመሳስሎ ቆርጦ ይገጥምበታል። በዚህ መልክ በብዛት የሚገኙት ፍሪጅና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ናቸው። ካቢኔት ውስጥ የሚገባ ኦቭን ግን የራሱ የመስታወት ፊት ስላለው ፓነል አይለብስም። ሻጮች ሁለቱን ሲያደባልቁ ስለምሰማ፣ «በሩ ላይ ፓነል ይገጠምበታል ወይስ እንዳለ ነው?» ብሎ ማረጋገጥ ይበጃል።

ዕቃው ይቀድማል፣ ካቢኔቱ ይከተላል። ይህን የምለው ዋጋ ከፍዬበት ነው። የእኔ ካቢኔት ተሠርቶ ሲያልቅ ለፍሪጅ የተተወው ቦታ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የመጣው ፍሪጅ የሚፈልገው ደግሞ 178። ለ8 ሴንቲ ሜትር ሲባል የላይኛው ሣጥን ተነቅሎ እንደገና ተሠራ። በአውሮፓ ልክ የሚሠሩት ረጃጅም ፍሪጆች በአብዛኛው የውስጥ ስፋቱ 56፣ ቁመቱ 178፣ ጥልቀቱ 55 ወይም 56 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታ ይጠይቃሉ። ከሻጩ መጀመሪያ የሚጠየቀው የመግጠሚያ ሥዕሉ ነው፤ አናጢው እሱን ሳያይ መጋዝ አያንሳ። እኛ ዘንድ የብዙ ቤት የማድ ቤት ጠረጴዛ ኮንክሪት ተሞልቶ ሴራሚክ የለበሰ ስለሆነ ክፍተቱ ከላይና ከታች እኩል አይሆንም። ሦስት ቦታ ለክታችሁ ትንሹን ልክ ያዙ።

ፓነሉ የሚያዝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በቀጥታ ፍሪጁ በር ላይ ይታሰራል፤ ክብደቱን የሚሸከመው የፍሪጁ ማጠፊያ ነው። በሌላው የካቢኔቱ በር በራሱ ማጠፊያ ይንጠለጠልና በተንሸራታች ማያያዣ ከፍሪጁ በር ጋር ይገናኛል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሁለተኛው ዋጋው ቢቀንስም ማያያዣው የላላ ዕለት የፍሪጁ በር ገርበብ ብሎ ያድራል። ቀጥታ በሚታሰረው ግን ክብደት መቁጠር ግድ ነው፤ 60 በ115 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ብቻውን ወደ 9 ኪሎ ይመዝናል። የእያንዳንዱ በር ገደብ መመሪያው ላይ አለ።

የጎጃም ሰው ዋንዛ ይወዳል፤ እኔም እወዳለሁ። ዋንዛ ቀሊል እንጨት ስለሆነ በክብደት ኤምዲኤፍን ይሻላል። ችግሩ ድፍን እንጨት ክረምት ሲገባ እርጥበት ጠጥቶ ይሰፋል፣ በጋ ይኮማተራል፤ በሁለት ፓነሎች መካከል የሚቀረው ክፍተት ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ በሩ ከጎኑ ጋር መተሻሸት ይጀምራል። ስለዚህ ኤምዲኤፉ ላይ በሁለቱም ፊት ስስ የዋንዛ ልባስ ማስለጠፍ፣ ጠርዙንም ደኅና አድርጎ ማሸግ ነው የሚሻለው። ያልታሸገ የኤምዲኤፍ ጠርዝ ውሃ ካገኘ ያብጣል፤ ካበጠ አይመለስም።

ብዙ አናጢ የሚዘነጋው አየር ነው። ፍሪጅ ከምግቡ ሙቀት አውጥቶ ወደ ውጭ ይጥላል እንጂ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ካቢኔት ውስጥ ሲታሸግ ያ ሙቀት መውጫ ይፈልጋል፦ ከታች በእግሩ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ከኋላው ሽቅብ ይወጣል፣ በላይ በኩል ይለቀቃል። ብዙ አምራቾች ከታችም ከላይም ቢያንስ 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይጠይቃሉ፤ ይህም 50 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፍተት ማለት ነው። ለውበት ተብሎ ይህ ሲደፈን ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ሶኬቱም ከፍሪጁ ኋላ ሳይሆን አጠገቡ ባለው ካቢኔት ውስጥ ይሁን፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ኃይል የሚለቅ ስታብላይዘር ማስቀመጫ ይገኛል፣ ለመንቀልም እጅ ይደርሳል።

የአየር ንብረት ደረጃውንም ተመልከቱ። ኤን የተባለው ከ16 እስከ 32 ዲግሪ፣ ኤስኤን ከ10 እስከ 32፣ ኤስቲ ከ16 እስከ 38 ባለ ክፍል ውስጥ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊት ማድ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ለፍሪጁም ለበረዶ ቤቱም አንድ መቆጣጠሪያ ብቻ ያለው ፍሪጅ ሞተሩ አልፎ አልፎ ብቻ ይነሳና የበረዶ ቤቱ ቅዝቃዜ ይላላል። እዚያ ኤስኤን ያለበት ይፈለግ። ለባሕር ዳር የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ኤስቲ ያስተማምናል።

ዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ሌላ ጥያቄ አለው። ፓነሉ ወደ ታች ከረዘመ ሲከፈት ከሥር ካለው መከለያ ጋር ይጋጫል፤ ይህ ሲገጠም ይስተካከላል። ውሃው ይብሳል። ብዙዎቹ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት ይሻሉ፤ ያን ለማግኘት ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ሦስት ሜትር ላይ የቆመ ሮቶ ያለ ፓምፕ አያደርስም።

ምጣዱን በተመለከተ ሐሳቤ ቁርጥ ያለ ነው። እንጀራ የሚጋገረው እዚያው ማድ ቤት ውስጥ ከሆነ ፓነል ሬዲ አልመክርም። የአክንባሎው እንፋሎት በየሁለት ሦስት ቀኑ ጠርዙንና ሙጫውን ያገኘዋል። ጓሮ የቆየው ኩሽና ካለ ምጣዱ እዚያው ይቀመጥ። ከሌለ ግን ተራውን ፍሪጅ ገዝቶ፣ የተረፈውን ገንዘብ ምጣዱ አናት ላይ ጠንካራ የእንፋሎት መሳቢያ ማስገጠሚያ ማድረግ ይሻላል።