መቻቻል ምንድን ነው? ከወሎ ቅሬ ስናየው

መቻቻል «ቻለ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። መቻል አንድም አቅም ማግኘት ነው፣ አንድም መሸከም፣ መታገሥ። «ችላ ኖረች» ስንል ከብዷት ነበር ማለታችን ነው። ስለዚህ መቻቻል መመሳሰልም መስማማትም አይደለም። ያልመሰለኝን እኔ ስችለው፣ እሱም እኔን ሲችለኝ ነው።

ወሎ ውስጥ ቃሉ ከሁሉ በላይ በሥራ የሚታየው በቅሬ ነው። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ሲሆን መሠረቱ ጉርብትና ነው። ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ ዶማውን ይዞ መቃብር ይቆፍራል፤ ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ ቃሬዛ ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። ድግስም ላይ እንዲሁ ነው፦ ክርስቲያን ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ከብት ይለያል፣ በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፣ ድስቱንም ለብቻ ይጥዳል። «ምን ልዩነት አለው፣ ሥጋ ሥጋ ነው» አይልም። ለእኔ የመቻቻል ትልቁ ትምህርት እዚህ ድስት ላይ ነው፤ የጎረቤቱን እምነት ሳይቀበል ክብደቱን ያውቅለታል።

ይህ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ግን አሻፈረኝ ብለው ተዋጉ። ከተጠመቁትም ብዙዎቹ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በደርግ ዘመን ሃይማኖተኛ መሆን «አድኃሪ» ያሰኝ ነበር። በአደባባይ ስለ ማርክስ የሚያስተምር የፓርቲ አባል ልጁን በድብቅ ክርስትና ያስነሣ ነበር። ሃይማኖት የለሽነትም በኃይል ሲጫን ያው ቀንና ሌሊት የተለያየ ሰው ይፈጥራል።

ዛሬ ሸክሙ በአብዛኛው የከበደው የማያምነው ላይ ነው። ሃይማኖት የለኝም ላለ ሰው የሚሰጠው መልስ «ታዲያ ምን ይፈራል?» ነው፤ ፈጣሪን የማይፈራ አደራም አይጠብቅም፣ ቢምልም አይታመንም ተብሎ ይገመታል። ይህ ሰውየውን ሳያውቁ መፍረድ ነው። የማያምነውም ጸሎተኛ ጎረቤቱን «ያልነቃ» ብሎ ሲንቅ ያንኑ ይሠራል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የሃይማኖትን ብቻ ሳይሆን የማሰብንና የሕሊናን ነፃነትም ለማንኛውም ሰው ይሰጣል።

ሕጉ ይህን ቢልም የወሎ መቻቻል የተሠራው ለሁለት ወገን ነው፤ ለሁለት ድስት፣ ለሁለት መቃብር። የማያምን ሰው በቅሬ ሊመዘገብ ይችላል፣ መዋጮውን ይከፍላል፣ የሌላውን ቃሬዛ ይሸከማል። እሱ ራሱ ሲሞት ግን ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው «የት እንቆፍር?» ይላሉ። በገጠሩ ከቤተ ክርስቲያኑና ከሙስሊሙ መካነ መቃብር ሌላ ሦስተኛ ቦታ ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ቤተ ዘመድ ወደ አባቱ ሃይማኖት ይወስደዋል፤ በሕይወቱ ያላለውን በሞቱ ይባልለታል። ቅሬው ይሸኘዋል፣ ሦስት ቀንም ለቅሶ ይቀመጥለታል። ማን እንደነበረ ግን ጮክ ብሎ የሚናገር አይኖርም።