«ፊደል ከለየ ራሱ ያንብብ» እና ሌሎች ልጅን ከመጽሐፍ የሚያርቁ አባባሎች

«ፊደል ለይቷል፤ ከእንግዲህ ራሱ ያንብብ»

በብዙ ቤት ለልጅ ማንበብ የሚቋረጠው እዚህ ላይ ነው፤ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን አሁን ነው። መደበኛው ገበታ 33 ፊደል በ7 ቤት፣ በድምሩ 231 ነው። ልጁ «በ... ሬ... ው» እያለ አንድ በአንድ ለቅሞ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። ታሪኩ ካልገባው ምኑ ይጥመዋል? በዚያ ላይ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ዋና» ሲላላ መዋኘት ነው፤ ሲጠብቅ ሌላ ነገር ነው። «ገና»ም ላልቶ «ገና አልመጣም» እንደምንለው ነው፣ ጠብቆ በዓሉ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ከዚህ በፊት በጆሮው የሰማው ነው።

ስለዚህ ማታ ማታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጮክ ብላችሁ፣ ጣታችሁን ከቃላቱ ሥር እያስኬዳችሁ አንብቡለት። በማግስቱ ያንኑ ታሪክ እናንተ አንድ ገጽ፣ እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር። ድርሻው ቀስ እያለ ይጨምር። አራተኛ ክፍል ገባ ብላችሁም አታቁሙ።

«ሲሳሳት ወዲያው ካልታረመ ይለምድበታል»

በየቃሉ የሚታረም ልጅ ገጹን ትቶ ፊታችሁን ማንበብ ይጀምራል። ቃል ሲይዘው በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ። «ሄደች» የሚለውን «ሄዳለች» ቢለው እለፉት። ትርጉም ካፋለሰ ዓረፍተ ነገሩን አስጨርሱትና «በሬው ምን አደረገ አልክ?» በሉት፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ ተመልሶ ያቃናዋል።

«ከታሪኩ ምን እንደተማረ መጠየቅ አለበት»

ይሄ የእኛ የአዋቂዎች አባዜ ነው። አያት «ተረት ተረት» ብላ «የላም በረት» ከተባለላት በኋላ ፈተና አትፈትንም፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ትጨርሳለች። መጠየቅ ካማራችሁ «እኔ እኮ ጅቡ አሳዘነኝ» ብላችሁ የራሳችሁን ጣል አድርጉ። መልስ ባይመጣም ግድ የለም።

«ያንኑ መጽሐፍ መደጋገም ስንፍና ነው»

አይደለም። ሲደጋግመው ፊደል መልቀሙ ይቀርና ቃሉን በአንድ እይታ ይይዘዋል። ሥዕል የበዛበትንም አትንቁበት።

«ለክፍሉ የተጻፈ ከሆነ ይመጥነዋል»

አንድ ገጽ ያንብብ፤ ባላወቀው ቃል ሁሉ አንድ ጣት ይጠፍ። አምስቱም ከታጠፉ ለብቻው ስለሚከብደው አብራችሁ አንብቡት። አንድም ካልታጠፈና ከወደደው ይውሰደው።

«ሲጨርስ ብር ቢሰጠው ይበረታል»

ቀጭን ቀጭኑን መምረጥ ይበረታል፤ ገጽ መዝለልም።

«መጽሐፍ ውድ ስለሆነ አይቻልም»

ዋጋው እውነት ነው፤ ግን በቤት የሚሠራም አለ። ሁለት ኤ4 ወረቀት መሃል ለመሃል አጥፋችሁ አንዱን በሌላው ውስጥ ብትከቱ 8 ገጽ ይወጣል፤ አንዱ ሽፋን ይሁን። ተራ ስቴፕለር እስከ እጥፋቱ ስለማይደርስ በመርፌና ክር ስፉት። ልጁ ይናገር፣ እናንተ በየገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር በትልቁ ጻፉ፤ ከሥር ለሥዕሉ ቦታ ተዉለት። ውጭ አገር ላደገና የታተመው አማርኛ ለከበደው ልጅ ይሄ ዘዴ በተለይ ይጠቅማል፤ ቃላቱ ከአፉ የወጡ ናቸውና። ብቻ አታሳምሩለት። «ጅቡ ዳቦውን በላና ሆዱ ጮኸ» ካለ እንዳለ ይጻፍ፤ ካስተካከላችሁት ነገ ሲያነበው ያላለው ቃል ይገጥመውና እዚያው ይቆማል።