ዌስት ኢስተርን ዲቫን፦ ዓረብና እስራኤላዊ ወጣቶች አብረው የሚጫወቱበት ኦርኬስትራ

ዌስት ኢስተርን ዲቫን በ1999 በጀርመኗ ቫይማር ከተማ ተመሠረተ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡን ያመነጩት ሁለት ወዳጆች ናቸው። አንዱ በቦነስ አይረስ ተወልዶ እስራኤል ያደገው የኦርኬስትራ መሪ ዳንኤል ባረንቦይም ነው። ሌላው ኢየሩሳሌም የተወለደው ፍልስጤማዊ ምሁር ኤድዋርድ ሰዒድ ነው። ስሙን ያገኙት ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ የፋርሱን ባለቅኔ ሐፊዝን አንብቦ ከጻፈው የግጥም መድበል ነው።

ቫይማር የጎተ ከተማ ናት። ናዚዎች የሠሩት የቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕም ያለው እዚያው አጠገብ ነው። ወጣቶቹ በመጀመሪያው ዓመት ካምፑን አብረው ጎብኝተውታል። ቀን ልምምድ ነበር፤ ማታ ማታ ሰዒድ ውይይት ይመራ ነበር። ውይይቱ ሲጋጋልም ማግስቱን ልምምዱ ይቀጥላል።

በኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊንና ቼሎ የሚጫወቱ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው አንድ የኖታ ማቆሚያ ይጋራሉ። አንድ ሶርያዊ ከአንድ እስራኤላዊ ጎን ተቀመጠ እንበል። አንዱ ደጋኑን ወደ ላይ ሲስብ ሌላውም ወደ ላይ ይስባል። አንዱ ድምፁን ሲቀንስ ሌላውም ይቀንሳል። አንዱ ገጽ ሲገልጥ ሌላው ሳያቋርጥ ይጫወታል። ጎረቤቱን የማይሰማ ወዲያው ይታወቅበታል። የዲቫን ትልቁ ትምህርት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ስለ ሰላም የሚደረግ ንግግር በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ሊወጣ ይችላል። መደማመጥ ግን እጅም ጆሮም የሚለምደው ነገር ነው።

ከ2002 ጀምሮ የስፔን አንዳሉሲያ ክልል ኦርኬስትራውን ተቀብሎ አስተናገደ። ሰዒድ በ2003 አረፈ። በ2005 ዲቫን የፍልስጤማውያን ከተማ ወደሆነችው ራማላህ ገብቶ ቤትሆቨንን ተጫወተ። ለዚያ ጉዞ የስፔን መንግሥት ለሙዚቀኞቹ ዲፕሎማቲክ ፓስፖርት ሰጥቷቸው ነበር። ያለዚያ ድንበሩን መሻገር የማይታሰብ ነበር።

ተቺዎችም አሉት። እስራኤል በፍልስጤም ግዛቶች ላይ ያላት ወረራ ሳይቆም አብሮ መጫወት ሁሉ ነገር ሰላም ያስመስላል የሚሉ ፍልስጤማውያን አሉ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ቅሬታ አይደለም። ባረንቦይም ራሱም ኦርኬስትራው ሰላም ያወርዳል አይልም። የሚዋጋው አንዱ ስለሌላው ያለውን አለማወቅ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል።

ሥራው ዛሬ በበርሊን ትምህርት ቤት አለው፤ የባረንቦይም-ሰዒድ አካዳሚ ይባላል። በ2016 ተመረቀ። በዋናነት ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪካ የሚመጡ ወጣቶች ከሙዚቃው ጋር ፍልስፍናና ታሪክም ይማሩበታል።