ሁለት ስፒከር ስላገናኘን ብቻ ስቴሪዮ አይሆንም

ገበያ ሄዳችሁ ሁለት የብሉቱዝ ስፒከር ገዝታችሁ አንድ ላይ ስላስጮሃችሁ ስቴሪዮ ሆነ ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው። ፓርቲ ሞድ የሚባለው ላይ ሁለቱም አንድ አይነት ድምፅ ነው የሚያወጡት፣ ለሰርግ ድንኳን አሪፍ ነው፣ እዛ እስክስታ መሃል ግራና ቀኝ ማን ይለያል። ስቴሪዮ ግን ዘፈኑ ሲቀናበር ማሲንቆው ወደ ግራ ክራሩ ወደ ቀኝ ተደርጎ ከሆነ አንዱ ስፒከር ማሲንቆውን ሌላው ክራሩን ያወጣል፣ ዘፋኙ ደግሞ በሁለቱም እኩል ስለሚመጣ መሃል ላይ የቆመ ነው የሚመስለው።

ለዚህ ታዲያ ሁለቱ ስፒከሮች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሞዴል መሆን አለባቸው። የጄቢኤል ፍሊፕ 4 እና ፍሊፕ 5 እንኳን ጭራሽ አይገናኙም፣ ስፒከር ከስፒከር ለማገናኘት አንዱ ኮኔክት ፕላስ ሌላው ፓርቲቡስት የሚባል የተለያየ ዘዴ ስለሆነ የሚጠቀሙት (ሻጩ "ያው ናቸው" ቢላችሁም)። ካርቶኑ ላይ ቲደብልዩኤስ (TWS፣ ሁለት ስፒከር ያለ ገመድ ስቴሪዮ የሚያደርግ ማለት ነው) የሚል ካለ መጀመሪያ ስፒከሮቹን እርስ በርስ አገናኙ፣ ከዛ ስልኩን ከአንዱ ጋር ብቻ፣ ሁለቱንም ለየብቻ ከስልኩ ጋ ፔር ለማድረግ ስትሞክሩ ነው ጣጣው የሚጀምረው። ግራና ቀኙ ከተገለበጠ ስፒከሮቹን ቦታ ማቀያየር ነው፣ አለቀ።