«ስምንት ፐርሰንት ነው የወጣልኝ»፦ ስለ ጽሑፍ ስርቆት ፍተሻ የተሳሳቱ አመለካከቶች

የመመረቂያ ጽሑፍ በማማክርባቸው ዓመታት ሁሉ፣ የማስረከቢያው ቀን በቀረበ ቁጥር አንድ ዓይነት ንግግር እሰማለሁ፦ «መምህር፣ ተርኒቲን ላይ ስምንት ፐርሰንት ነው የወጣልኝ፤ ንጹሕ ነው።» እኔ ገና አንድ ገጽ አላነበብኩም፤ ፍርዱ ግን ተሰጥቶ አልቋል።

ተርኒቲን የተባለው የጽሑፍ መመሳሰልን የሚፈትሽ ፕሮግራም የሚያወጣው ቁጥር የስርቆት መጠን አይደለም። ፕሮግራሙ የሚለካው ጽሑፉ በክምችቱ ካሉት ድረ ገጾች፣ ጆርናሎችና የተማሪ ሥራዎች ጋር ምን ያህል በቃል እንደሚገጥም ብቻ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ያልወጣ የአማርኛ መጽሐፍ ለእርሱ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። አንድ ተማሪዬ ያንኑ ስምንት ፐርሰንት ይዞ በመጣ ጊዜ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ «በሌላ እጅ» የሚል ሐረግ አገኘሁ። አማርኛ የሚናገር ሰው «በሌላ በኩል» ይላል እንጂ እጅ ምን ሊሠራ ይገባል? ዐረፍተ ነገሩን ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ስፈልገው፣ አሥራ አንዱ ገጽ ከአንድ ጥናት አንቀጽ በአንቀጽ የተተረጎመ ሆኖ ተገኘ፤ የአጥኚው ስም አንድ ቦታ እንኳ አልተጠራም። ልጁ ግን «ተርጉሜዋለሁ እኮ!» ብሎ ከልቡ ተገረመ። ቋንቋው ተለወጠ እንጂ ሐሳቡ፣ ቅደም ተከተሉና ምሳሌው የሰውዬው ነው።

ፊደላችንም ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ለአንባቢ አንድ ቃል ሲሆኑ፣ ፊደል በፊደል ለሚያነጻጽር ፕሮግራም ሦስት ናቸው። ስለዚህ የተጠራጠራችሁትን ዐረፍተ ነገር ጉግል ላይ በትምህርተ ጥቅስ ከትታችሁ ስትፈልጉ፣ ሞክሼ ፊደል የሌለበትን ክፍል ምረጡ፤ ካልሆነም አጻጻፉን እየለዋወጣችሁ ደጋግሙ።

ከፍ ያለ ቁጥርም ወንጀል አይደለም። ሃያ ሰባት ፐርሰንት የወጣባት አንዲት ተማሪ ዕንባዋ ቀርቦ መጣች፤ የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝርና በትክክል የተጠቀሱ የሕግ አንቀጾች ከስሌቱ ሲወጡ ስድስት ቀረ። ከዚያ በፊት ግን ሪፖርቱን ያልከፈተ ሰው «ከሃያ አውርደሽ ነይ» ብሏት ስለነበር፣ በትክክል የጠቀሰችውን አንቀጽ ቃላቱን እየለዋወጠች አበላሽታው ነበር።

«ቃላቱን ከለወጥኩ የእኔ ነው» የሚለውም ከዚሁ ይወለዳል። «ገለጸ» የነበረውን «አብራራ» ማድረግ ጽሑፉን የራስ አያደርገውም። ምንጩን አንብቡ፣ ዝጉት፣ የተረዳችሁትን በራሳችሁ አማርኛ ጻፉ፣ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አስተያዩ፤ የሰው ቃል እንዳለ ከቀረ ትምህርተ ጥቅስ ይግባበት፣ በራሳችሁ ቃል ቢሆንም ምንጩ ይጠቀስ። ማስታወሻ ስትይዙም የሰውን ቃል በሌላ ቀለም ጻፉት፤ ከሦስት ወር በኋላ የማን እንደነበረ እናንተም አታስታውሱትም።

«መጨረሻ ላይ ዋቢ ዘርዝሬያለሁ» የሚል ሰው፣ የትኛው ሐሳብ ከየትኛው መጽሐፍ እንደመጣ አልነገረንም።

«ደራሲው ከሞተ ቆይቷል» ለሚሉ፦ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት (ከሥራው ገቢ የማግኘት መብቱ) ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ ያበቃል፤ የሰውን ሥራ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ግን ያን ጊዜም ስርቆት ነው።

«የራሴን የድሮ ጽሑፍ ብደግም ማን ይጠይቀኛል?» ፈታኙ ይጠይቃል፤ ቀድሞ የቀረበ መሆኑን ጻፉ።

ረቂቁንም በማንም አካውንት አታስፈትሹ። በተማሪ ሥራዎች ክምችት ውስጥ ከተቀመጠ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ስታስገቡ ከገዛ ረቂቃችሁ ጋር ይገጥምና ሪፖርቱ ዳር እስከ ዳር ቀልቶ ይመጣል።